እናት ልጇን ስትረሳ፦ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ወላጆች ስለ መጦር



«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብላ እናት የገዛ ልጇን የምትጠይቅበት ቀን አለ። ልጅቱ ስሟን ትናገራለች። እናት «አላህ ያሳድግሽ» ብላ ትመርቃታለች፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያው ጥያቄ ይደገማል። ይህን በቤቱ ያላየ ሰው «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፈዋል። ያየው ግን ሌሊት በር ከፍተው የሚወጡ አባትን ፍለጋ በየመንገዱ ሮጧል፤ ወይም በሕይወት ያለች እናቱን ናፍቆ አልቅሷል። በብዙ ቤተሰቦቻችን ውስጥ ጉዳዩ የሚወራው በሹክሹክታ ስለሆነ ልጆች ሕክምናውንም የሸሪዓውን ፍርድም ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ መሐል የሚጎዱት በሽተኛዋ እናት ብቻ አይደሉም።

እርጅና ወይስ በሽታ?

ዕድሜ ሲገፋ የሰው ስም ቶሎ አለመምጣቱ፣ መነጽር የት እንደተቀመጠ መፈለግ የተለመደ ነው። ለአርባ ዓመት ቡና ስታፈላ የኖረች እናት ጀበናውን ባዶውን ጥዳ ስትቀመጥ፣ ወይም አባት በየቀኑ ከሚሰግዱበት መስጂድ ሲመለሱ መንገዱ ሲጠፋባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ሕክምናው ይህን ሁኔታ ዲሜንሺያ ይለዋል፤ በአማርኛ የመርሳት በሽታ እየተባለ ነው። ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የማስታወስ፣ የማመዛዘን፣ የመናገርና ራስን የመምራት ችሎታ የዕለት ኑሮን እስኪያውክ ድረስ ሲዳከም የሚሰጥ የወል ስም ነው።

ከመንስኤዎቹ ዋናው አልዛይመር ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ታማሚውን ሁኔታ ለሙያ ባልደረቦቹ ካቀረበው ጀርመናዊ ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዲሜንሺያ ታማሚዎች ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ይህ በሽታ ያለባቸው ናቸው። ሁለተኛው የደም ሥር ችግር የሚያመጣው ነው፤ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት፣ ስኳርና ስትሮክ አንጎልን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። በአገራችን ደም ግፊትን «ካላመመኝ ምን አገባኝ» ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ስለሆነ ይህኛው ዓይነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ እንደነበር ገምቷል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ «የፈረንጅ በሽታ» አይደለም።

«ጃጀ» የሚለው ቃላችንም መታሰብ አለበት። በጎረቤት ፊት «እማዬ ጃጅታለች» ሲባል ሰው ይስቃል። በሽታ ነው ብሎ መናገር ግን ወላጅን ከመሳለቂያነት ያወጣል።

ቁርኣን የጠቀሰው ዕድሜ

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 70 እና በሱረቱል ሐጅ አንቀጽ 5 ላይ ከሰዎች መካከል ወደ ወራዳው የዕድሜ ክፍል (አርዘሉል ዑሙር) የሚመለሱ፣ ካወቁ በኋላ ምንም ወደማያውቁበት ሁኔታ የሚደርሱ እንዳሉ ይነግረናል። ነብዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ቡኻሪ ከሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ሁኔታው ለእስልምና እንግዳ አይደለም፤ የማንም ቤተሰብ ነውርም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆችን የሚያሳምም አንድ ጥያቄ አለ። ከቀደምቶች አንዳንዶቹ ቁርኣን የሚያነብ ሰው ወደዚያ ዕድሜ አይደርስም ማለታቸው ስለሚጠቀስ፣ አባቱ ቁርኣን ሐፍዘው ዕድሜ ልካቸውን ያቀሩ ልጅ «ታዲያ አባቴ ምን አጥፍተው ነው?» ብሎ ይጨነቃል። የሚያሳፍር ነገር የተደበቀ ይመስለዋል። ይህ ንግግር ቁርኣንና አእምሮ ስላላቸው ትስስር የተነገረ የተስፋ ቃል እንጂ በታመመ ሰው ላይ የሚፈረድበት መለኪያ አይደለም። ይልቅ በሱረቱ አት-ቲን ላይ ካመኑትና መልካም ከሠሩት በቀር ስለሚለው ክፍል ሙፈሲሮች ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱን ማስተዋል ይበጃል፦ አማኝ በእርጅና ከሥራ ቢያቅተውም በጉልበቱ ዘመን ይሠራው የነበረው ምንዳ አይቋረጥበትም። ቡኻሪ ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ) የዘገቡት ሐዲስም የታመመ ወይም መንገደኛ የሆነ ባሪያ ጤነኛና ነዋሪ ሆኖ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት ያስረዳል። ለአርባ ዓመት የሱብሒ ሶላት በጀማዓ የሰገዱ አባት ዛሬ ፈጅርና መግሪብን ባይለዩ የዘገየባቸው ምንዳ የለም፤ ኢንሻአላህ።

የሐዲስ ሊቃውንት ታሪክም መጽናኛ አለው። በመጨረሻ ዘመናቸው አእምሯቸው የተምታታባቸውን ዘጋቢዎች ሊቃውንቱ በስማቸው መዝግበዋል። ይህን ሁኔታ ኢኽቲላጥ ይሉታል፤ ራሱን የቻለ መጽሐፍም ተጽፎበታል። የመዘገቡት ለማዋረድ አልነበረም። ከመምታታታቸው በፊት የተሰማው ተቀባይ፣ ከዚያ በኋላ የተሰማው ግን የሚመረመር መሆኑን ለመለየት ነው። ከእነዚህ መካከል በ170 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የበስራው ጀሪር ኢብኑ ሐዚም ይገኛሉ። ልጆቻቸው ራሳቸው የሐዲስ ሰዎች ስለነበሩ የአባታቸው አእምሮ መለወጡን እንዳዩ ሐዲስ ፈላጊዎች እንዳይገቡባቸው ከለከሉ፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ያስተላለፉትን የሰማ ሰው አልተገኘም። የአባታቸውን ስምም የሰውን ዲንም ጠበቁ። ልጆቹ የዘጉት የትምህርቱን ወንበር ነው፤ አባትን ከፀሐይና ከዘመድ ደብቆ ጓዳ ማስቀመጥ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ

ወላጅ መርሳት ሲጀምሩ ቤተሰብ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ «ምንም መድኃኒት የለውም» ብሎ መቀመጥ ነው። ሌላው በሽታውን ከጂን ወይም ከሲሕር ጋር አያይዞ ከቦታ ቦታ መዞር ነው። ሁለቱም መታከም የሚችል ነገር እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ዲሜንሺያን የሚመስሉና ሲታከሙ የሚሻሻሉ ችግሮች አሉና፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም፣ ሳይታከም የቆየ ቂጥኝና ኤችአይቪ። አንዳንድ መድኃኒቶችም ያምታታሉ፤ የእንቅልፍ ክኒኖችና ለጉንፋን ወይም ለአለርጂ የሚሰጡ እንቅልፍ የሚያስይዙ መድኃኒቶች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ቤት ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የዘመድ ስጦታ ሆነው ከውጭ አገር የመጡትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዞ መሄድ ትልቅ ጥቅም አለው።

በተለይ ይህን አስተውሉ። ዲሜንሺያ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ ድንገት ከተቀባዠሩ፣ የሌለ ሰው ካዩ፣ እንቅልፍና ንቃታቸው ከተዘበራረቀ ይህ ዴሊሪየም የሚባል አጣዳፊ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። መንስኤው የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። የመርሳት በሽታ ቀድሞ ያለባቸው ወላጅ ድንገት ሲብስባቸውም ያው ነው። አፍ መጣመም፣ አንድ ጎን መስነፍ ወይም ንግግር መኮላተፍ ካለ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃ አይጠበቅም።

ምርመራው ከውስጥ ደዌ ሐኪም ሊጀምር ይችላል፤ ከዚያ ወደ ነርቭ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ይመራል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና አማኑኤል ሆስፒታሎች ለዚህ የሚታወቁ ናቸው። ለአልዛይመር የሚሰጡ እንደ ዶኔፔዚልና ሜማንቲን ያሉ መድኃኒቶች ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ ሊያቃልሉ ይችላሉ፤ በሽታውን ግን አያድኑም። ቁጣን ወይም ሌሊት መረበሽን «ለማስታገስ» የሚሰጡ ጠንካራ የአእምሮ መድኃኒቶች በዲሜንሺያ ታማሚ አረጋውያን ላይ የስትሮክና የሞት አደጋን ስለሚጨምሩ ያለ ሐኪም ክትትል ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት አይገባም። ደም ግፊትና ስኳርን መቆጣጠር፣ የሚሰሙበትን ጆሮና የሚያዩበትን ዓይን ማስመርመር ግን ሁልጊዜ ይጠቅማል። አንዳንድ ጊዜ «አይገባቸውም» የምንላቸው አባት የማይሰሙ ሆነው ይገኛሉ።

ሩቅያስ? ቁርኣንን ቀስ ብሎ መቅራትና ዱዓእ ማድረግ መልካም ነው፤ ከሕክምና ጋር አይጋጭም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። ነገር ግን በሩቅያ ስም አረጋዊን መምታት፣ ማሰር፣ ማጠን፣ ምግብና መድኃኒት መከልከል ወላጅን መበደል ነው። እንዲህ የሚያደርግ «ራቂ» ቤታችሁ ከገባ አስወጡት።

እንዴት እናናግራቸው?

በዚህ ምዕራፍ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የቤት ሰላም አብዛኛው እዚህ ስለሆነ።

ዘመድ ለዚያራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው መፈተን ነው፦ «እኔን አወቅሽኝ? ማን ነኝ? እስቲ ስሜን ጥሪኝ።» እናት ትጨነቃለች፣ ታፍራለች፣ አንዳንዴም ትቆጣለች። ፈተናው የጎብኚውን ጉጉት እንጂ የእሷን ችግር አያቃልልም። በምትኩ «እማዬ፣ እኔ ፋጡማ ነኝ፣ ልጅሽ፤ ልጠይቅሽ መጣሁ» ብሎ ራስን አስተዋውቆ መቀመጥ ይሻላል። ከፊት ለፊት ሆኖ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ በአንድ ጊዜ። «ምን ልስጥሽ?» ከማለት «ሻይ ነው ወተት?» ማለት ይቀላታል።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰማንያ ዓመት የሆናቸው እናት «እናቴ የታለች? ለምን አልመጣችም?» ይላሉ። እናታቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ልጅ እውነቱን ሲናገር እናት መርዶውን ዛሬ እንደሰሙ ሆነው ያለቅሳሉ። ነገ ይረሱታል፣ ይጠይቃሉ፣ እንደገና መርዶ ይነገራቸዋል። በየቀኑ አንድን ሰው ማርዳት ምን ጥቅም አለው? በሌላ በኩል ሃይማኖተኛ ልጅ «መጥታለች፣ ገበያ ሄዳለች» ብሎ መዋሸት ይከብደዋል፤ መክበዱም ትክክል ነው። ፊቅህ እዚህ ላይ ሰፊ መንገድ አለው። ዑለማኦች ተውሪያ የሚሉት፣ ቃሉ እውነት ሆኖ ሰሚው የሚረጋጋበት ንግግር አለ። ከዚያም የሚቀድመው ለጥያቄው ሳይሆን ለስሜቱ መመለስ ነው፦ «ናፈቀችሽ አይደል? እስቲ ስለሷ ንገሪኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ይህ ውሸት የለበትም፣ መርዶም የለበትም። ብዙ ጊዜ እናት ስለ እናታቸው ሲያወሩ ይረጋጋሉ፤ ልጅም ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ታሪክ ይሰማል።

«ወደ ቤቴ ልሂድ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው ይህን ሲሉ «ቤትሽ እኮ ይሄ ነው!» ብሎ መከራከር አያሸንፍም። የሚፈልጉት የልጅነት ቤታቸውን፣ ወይም ዝም ብሎ ደህንነትን ሊሆን ይችላል። «እሺ፣ አብረን እንሄዳለን፤ መጀመሪያ ቡናችንን እንጠጣ» ሲባል፣ ወይም ግቢውን አንድ ዙር አብሮ ሲዞሩ ይበርዳል።

«ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ» የሚለው ክስ ከሁሉ ያማል። የምትከሰሰው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሌት ተቀን የምታጥበውና የምታጎርሰው ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። እናት ብሩን ከፍራሽ ሥር ደብቀው መደበቃቸውን ረስተዋል። በሽታው እንደሆነ ያወቀ ቤተሰብ «ና አብረን እንፈልግ» ይላል፤ ያላወቀ ሠራተኛዋን ያባርራል። ያለ ማስረጃ በሰው ላይ ስርቆት መለጠፍ በደል መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስም ከጠፋ በኋላም የሚቀር ነገር አለ። ስሜትና ዜማ ከብዙ ነገር ዘግይተው ነው የሚሄዱት። የልጆቻቸውን ስም የማያስታውሱ አረጋውያን ሱረቱል ፋቲሓ ሲጀመርላቸው እስከ መጨረሻው ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ የወሎ ልጅ የሆኑት እናት የልጅነታቸውን መንዙማ ያንጎራጉራሉ። ማን እንደሆናችሁ ባያውቁም ደግ ሰው መሆናችሁ ይሰማቸዋል። የጠዋቱ ጉብኝት ተረስቶ የፈጠረው ደስታ እስከ ከሰዓት ሊቆይ ይችላል። «ላያውቁኝ ምን ልሠራ እሄዳለሁ» የሚል ልጅ ይህን ይወቅ።

ቤቱን ማዘጋጀት

ከመሸ በኋላ፣ በመግሪብ ግድም፣ መረበሽ የሚብስባቸው ብዙ ናቸው። ሳይጨልም መብራት ማብራት፣ ቴሌቪዥኑን ዝቅ ማድረግ፣ ከቀትር በኋላ ረጅም እንቅልፍና ብዙ ቡና መቀነስ ይረዳል።

አዛን ሲሰሙ ሌሊት ተነስተው ወደ መስጂድ የሚወጡ አባት በጣም የተለመዱ ናቸው። እግራቸው መስጂዱን ያስታውሳል፤ መመለሻው ግን ይጠፋል። ስም፣ ሰፈርና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ኪሳቸው ውስጥ፣ ወይም በጨርቅ ላይ ተጽፎ ከልብሳቸው ውስጠኛ ክፍል የተሰፋ ይሁን። ለሱቁ ባለቤት፣ ለጥበቃው፣ ለሙአዚኑና ለጎረቤት «አባታችን እንዲህ ናቸው፤ ብቻቸውን ካያችሁ ደውሉልን» ብሎ መንገር ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል። በር መቆለፍ ካስፈለገም ሰው እቤት እያለ ብቻ ነው፤ ቆልፎ ትቶ መሄድ እሳት ቢነሳ ምን እንደሚሆን አስቡት። የከሰል ምድጃ ለብቻቸው አይተውላቸው፤ በተዘጋ ክፍል የሚጨስ ከሰል ጤነኛውንም ይገድላል። በረኪና፣ ጋዝና መድኃኒት ይቆለፍባቸው። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ሌሊቱን መብራት ይኑረው፤ የሚያዳልጥ ምንጣፍ ይነሳ።

ገላ ማጠብ የሐያእ ጥያቄ ያስነሳል። በተቻለ መጠን እናትን ሴት፣ አባትን ወንድ ያጥባቸው። ሌላ ሰው ከጠፋ ችግር ያለበት ሁኔታ የራሱ ፍርድ አለው፤ ልጅ ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለውን በሽርጥ ሸፍኖ፣ እጁን በጨርቅ ወይም በጓንት ጠቅልሎ ከሥር ያጥባል፤ ካስፈለገው በላይ አያይም። እነሱም ሲሸፈኑ ፍርሃታቸው ይቀንሳል። መታጠብ እምቢ ማለት የእልከኝነት ምልክት አይደለም። ውሃው ከራሳቸው ላይ ሲወርድ ስለሚያስፈራቸው ሊሆን ይችላል፤ ለብ ያለ ውሃና ፎጣ ይዞ በክፍል በክፍል ማበስ ይበቃል።

ሶላት፣ ፆም፣ ዘካ

በዚህ ጉዳይ ለኢማሞች የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ ነው። መሠረቱ አቡ ዳዉድና ሌሎችም የዘገቡት፣ ከሦስት ዓይነት ሰዎች ላይ ብዕር መነሳቱን የሚናገረው ሐዲስ ነው፤ አንዱ አእምሮውን ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ዛሬ አእምሯቸው የት ደርሷል?» የሚለው ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ፣ መርሳት ቢኖርም ሶላት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ወላጅ ግዴታው አለባቸው፤ የልጅ ድርሻ ማገዝ ነው። ረከዓ ለሚጠፋባቸው ቀላሉ መፍትሔ አብሮ በጀማዓ መስገድ ነው፤ ኢማሙን እየተከተሉ ይጨርሳሉ። ውዱእ ሲያደርጉ አጠገባቸው ቆሞ ቀጥሎ ያለውን ማስታወስ ይቻላል። የሽንት መቆጣጠር ችግር ላለባቸውና ለሚከብዳቸው፣ ለበሽተኛ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርን የፈቀዱ ዑለማኦች አሉ።

አእምሮ ሄድ መጣ በሚልበት ጊዜ፣ በነቁበት ወቅት የደረሰባቸው ሶላት ይሰገዳል፤ ባልነቁበት ያለፈው አይጠየቁበትም። ጊዜና ሰው የማይለዩበት ደረጃ ሲደርሱ ሶላትም ፆምም ከእነሱ ላይ ተነስቷል። ምስኪን ማብላት (ፊድያ) የሚመለከተው አእምሮው ሙሉ ሆኖ በእርጅና ወይም በማይድን በሽታ መፆም ያቃተውን ነው። አእምሮውን ላጣው ፊድያም እንደሌለበት በርካታ ዑለማኦች ገልጸዋል። ይህ ደረጃ ላይ የደረሱ እናት ከልማድ ተነስተው ለመስገድ ቢቆሙ፣ ሩኩዕና ሱጁዱን ቢያምታቱ፣ ማረም አያስፈልግም፤ መተው ነው።

ረመዷን ላይ «ፆመኛ ነኝ» ብለው መድኃኒትና ምግብ እምቢ የሚሉ አሉ። የስኳር መድኃኒት ለሚወስዱ ይህ አደጋ ነው። ክርክሩን ተውት፤ ጥቂት ቆይታችሁ ተመለሱ፤ የልጅ ልጆች የሚበሉበት ቦታ አስቀምጧቸው፤ የሚያከብሩት ኡስታዝ ወይም ሼኽ ካሉ «ለእርስዎ ተፈቅዷል» ብለው ይንገሯቸው። በእርሳቸው አፍ ሲነገር ይቀበላሉ።

ገንዘባቸው ኒሳብ ከደረሰ ዘካው በማሊኪ፣ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች አይቀርም፤ ንብረቱን የሚያስተዳድረው ሰው ያወጣል። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ አእምሮ በሌለው ሰው ላይ ግዴታ አይሆንም።

ፊርማ፣ አሻራና ጦላቅ

የቤተሰብ ፍቅር የሚፈተነው እዚህ ነው። አእምሮ ከጠፋ በኋላ የተደረገ ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በሸሪዓ ዋጋ የለውም። አባትን ይዞ ሄዶ ያልገባቸው ወረቀት ላይ አሻራ ማስደረግ የወንድምና የእህትን ሐቅ መብላት ነው፤ «አባዬ ራሱ ነው የሰጠኝ» ማለት አላህ ዘንድ አያድንም። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 ስለ ብድር ውል ሲናገር ማስጻፍ ለማይችል ደካማ ሰው ኃላፊው በፍትሕ ያስጽፍለት ይላል። በፍትሕ የሚለው ላይ ነው ክብደቱ።

ስለዚህ በሽታው ገና ሲጀምር፣ አእምሮ ሳለ፣ የሚሠሩ ነገሮች አሉ፦ ማን ዕዳ እንዳለበትና ማን እንደሚያበድር፣ አደራ የተቀመጠ ካለ፣ ወሲያ ማድረግ ከፈለጉ ከሲሶ ሳይበልጥና በምስክር ፊት መጻፍ። የእድር መዋጮ ሳይቋረጥ እንዲከፈል አንድ ልጅ ይያዘው። በአገራችን ሕግ በኩል፣ ውክልና የሚሰጠው ወካዩ የሚያደርገውን እያወቀ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው እንደሚቋረጥ ይደነግጋል። ያን ጊዜ ቤተሰብ ለፍርድ ቤት አመልክቶ፣ በሐኪም ማስረጃ፣ ወላጁ በፍርድ እንዲከለከሉና ንብረታቸውን የሚጠብቅ ሞግዚት እንዲሾም የሚጠይቅበት ሥርዓት በዚያው ሕግ አለ። ይህን አንድ ልጅ በድብቅ ሳይሆን ሁሉም ልጆች ተሰብስበው ቢያደርጉት ከብዙ ጠብ ይተርፋሉ።

ጦላቅም አለ። የሃምሳ ዓመት ትዳር ያላቸው አባት አንድ ምሽት ሚስታቸውን እንግዳ ሴት መስላቸው «ፈትቼሻለሁ፣ ውጪልኝ» ሊሉ ይችላሉ። እናት ደንግጠው ልብሳቸውን ሸክፈው ጎረቤት ቤት ያድራሉ። የሚናገረውን የማያውቅ ሰው ጦላቅ እንደማይወድቅ ዑለማኦች የተስማሙበት ነው። ሁኔታው ለአካባቢው ዓሊም ይነገርና እናት በቤታቸው፣ በትዳራቸው ይቀጥሉ።

የአስታማሚዋ ድርሻ

በአብዛኛው ቤት አስታማሚው አንድ ሰው ነው፤ ያቺም ያላገባች ወይም ከባሏ የተለያየች ሴት ልጅ ትሆናለች። ወንድም ከጂዳ ወይም ከአሜሪካ ብር ይልካል፣ በስልክ «ለምን ከሳች?» ብሎ ይጠይቃል፣ ለሠላሳ ቀን መጥቶ ይመክራል፣ ይመለሳል። ብሩ ያስፈልጋል፤ ማቃለል አይገባም። ለወላጅ በጎ መዋል ግን በሁሉም ልጆች ላይ ያለ ግዴታ ነው፤ አንዷ ስለተሸከመችው ከሌሎቹ ላይ አይነሳም። ከሩቅ ያለ ልጅ ሐኪም ቀጠሮ ሊይዝ፣ ለሳምንት ሁለት ቀን ረዳት ሊቀጥር፣ ዓመት ፈቃዱን ሙሽራ ከመዞር ለእህቱ ዕረፍት ሊያደርገው ይችላል። የምራትም ነገር ይነሳ፦ የባልን ወላጅ ማጠብና ማንሳት በብዙ ዑለማኦች ዘንድ የልጃቸው እንጂ የሚስቱ ግዴታ አይደለም። ብታደርገው ኢሕሳን ነው፤ ሊመሰገን እንጂ እንደ ዕዳ ሊጠየቅ አይገባም።

በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 23 ላይ ለወላጆች «ኡፍ» እንኳን ማለት መከልከሉን ሁላችን እናውቃለን። ለሃያኛ ጊዜ የተጠየቀችውን መልሳ፣ ሌሊቱን ሦስት ጊዜ አንሶላ ቀይራ፣ ጠዋት ድምጿ ከፍ ያለባት ልጅ ይህን አንቀጽ እያሰበች ራሷን ትቀጣለች። ሁለት መስመር ዝቅ ብላ አንቀጽ 25ን ታንብብ። እዚያ ላይ አላህ በልቦች ውስጥ ያለውን እንደሚያውቅና ደጋግ ሆነው ወደሱ ለሚመለሱት መሐሪ እንደሆነ ተነግሯል። የሁለቱ አንቀጾች መከታተል ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ቁጣው ሲመጣ ክፍሉን ለቆ ውጥቶ ውዱእ አድርጎ መመለስ ይቻላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ማልቀስ፣ መሞትን መመኘት ሲቀጥል ግን አስታማሚዋም ሐኪም ያስፈልጋታል። ሶብር ሳይታከሙ መውደቅ ማለት አይደለም።

መስጂዶቻችንም የሚሠሩት ነገር አለ። የሰፈር ወጣቶች በሳምንት አንድ ከሰዓት አንድ አረጋዊ ዘንድ ቢቀመጡ፣ አስታማሚዋ ገበያ ወይም ሐኪም ቤት ትደርሳለች። ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጨረሻው ደረጃ

በሽታው ሲገፋ መራመድ፣ መናገርና መዋጥ ይከብዳል። የተኙ ወላጅ በየሁለት ሰዓቱ ያህል ጎናቸው ካልተቀየረ ጀርባና ዳሌ ላይ የመኝታ ቁስል ይወጣል፤ ቆዳው ሲቀላ ካዩ በዚያ ጎን አያስተኟቸው። የሚጎርሱት ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ጉርሻው ትንሽና በወጥ የራሰ፣ የፊተኛው መዋጡ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን። ሲበሉ ደጋግመው ካሳላቸው ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር። በዚህ ደረጃ ብዙዎችን የሚገድለው የሳንባ ምች ነው። ዳይፐር ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ ከንፈራቸው በእርጥብ ጨርቅ ይበስ።

ሕመም በቃል መናገር ስለማይችሉ ፊታቸውን ማንበብ ያስፈልጋል፦ ግንባር መቋጠር፣ ሲነኩ ማቃሰት፣ እጅ መጨበጥ። ሞት ሲቃረብ ላ ኢላሀ ኢለላህን አጠገባቸው ሆኖ በለሆሳስ ማለት ይበቃል፤ «በሉ፣ ድገሙ» ብሎ መጎትጎት አያስፈልግም።

ካረፉ በኋላ ልጆች የሚጠይቁት «ያለፋቸውን ሶላትና ፆም ምን እናድርግ?» የሚለውን ነው። አእምሯቸው ከጠፋ በኋላ ያለፈው ዕዳ አይደለም። አእምሯቸው ሳለ ቀዷ ማውጣት እየቻሉ ያላወጡት ፆም ካለ ግን ቀኑን ቆጥራችሁ ዓሊም ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱ ቀን ምስኪን ማብላት ወይም ከዘመድ አንዱ መፆም በዑለማኦች ዘንድ የተነገሩ መንገዶች ናቸው። የሰው ገንዘብ ዕዳ ካለባቸው ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል።